የመኪና መብራት ብልሽት ለመፈለግ የትኛውን መሞከሪያ ልግዛ? የንጽጽር መመሪያ ለአዳማ ባለመኪኖችና ሾፌሮች

የፊት መብራት ሲደበዝዝ ወይም ፍሬቻ ሲቆም መጀመሪያ የሚቀየረው አምፖል ነው። እሱ ካልፈታው ፊውዙ፣ ቀጥሎ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን መስመር የሚያበራው ማብሪያ)፣ መጨረሻ ላይ መሪው ሥር ያለው ማብሪያ ይቀየራል። ይህ ሁሉ ዕቃ ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ጥፋተኛዋ ከፊት መብራቱ ጀርባ ያለች፣ ኔጌቲቭ ሽቦውን ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር የምታስር አንዲት የዛገች ብሎን ሆና ትገኛለች። ለዕቃዎቹ ከወጣው ገንዘብ በጥቂቱ ብሎኗን የሚያሳይ መሞከሪያ መግዛት ይቻል ነበር።

አዳማ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። የበጋው ነፋስ አቧራውን ሶኬት ውስጥ ያስገባዋል፤ ክረምት ሲገባ ያው አቧራ ውሃ ይዞ የሶኬቱን እግሮች ያዝጋቸዋል። ሙቀቱ የናስትሮን ሙጫ ስለሚያቀልጠው በመጠምዘዝ ብቻ የተቀጠለ ሽቦ ከጊዜ በኋላ ራቁቱን ይቀራል። በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ደግሞ የተሳቢያቸውን ሽቦ ንዝረት ይበላዋል። መሃል አካፋይ በሌለው መንገድ ላይ በአንድ የፊት መብራት የሚሄድ መኪና ከሩቅ ሞተር ሳይክል ይመስላል፤ በተቃራኒ የሚመጣው ሾፌር ስፋቱን ገምቶ ቦታ አይለቅለትም። ስለዚህ መብራትን ለቦሎ ሰሞን ብቻ ማስታወስ አይበቃም።

የመለዋወጫ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ያሉት መሞከሪያዎች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ አብዛኞቹም «ቴስተር» በሚል በአንድ ስም ይሸጣሉ። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ዋጋቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብር አልተጻፈም፤ ከርካሹ እስከ ውዱ በደረጃ ብቻ ተቀምጧል።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፦ መሞከሪያው መስመሩ ላይ ጭነት ያሳርፋል (ማለትም እንደ አምፖል ኤሌክትሪክ ይስባል) ወይስ አያሳርፍም?

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የ55 ዋት ሃሎጅን አምፖል በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል። መስመሩ ላይ ግማሽ ኦም (ኦም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ ነው) የሚያህል ዝገት ብቻ ቢኖር አምፖሉ ዘንድ የሚደርሰው 10 ቮልት አካባቢ ይሆናል፤ ብርሃኑም ከግማሽ ብዙ አይበልጥም። የጠፋው 2 ቮልት ገደማ እዚያችው የዛገች መገናኛ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጥፍር በምታህል እግር ላይ 8 ዋት ገደማ ሙቀት ማለት ነው፤ ቀልጠው የሚገኙት የፊት መብራት ሶኬቶች ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት የቀለጡ ናቸው። አሁን አምፖሉን ነቅለው ሶኬቱን በመልቲሜትር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ይለኩ። ሙሉ 12.6 ቮልት ያነባል! የዲጂታል መልቲሜትር የውስጥ መቋቋሚያ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ስለሆነ በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ ኤሌክትሪክ ካላለፈ ደግሞ ዝገቱ የሚያስቀረው ቮልት የለም። «12 ቮልት አለው፣ መስመሩ ደህና ነው» ተብሎ ደህናው ማብሪያ የሚቀየረው በዚህ ንባብ ነው።

ሁለተኛው መስፈርት መሞከሪያው ቁጥር መስጠቱ ነው። «አለ» ወይም «የለም» ማለት ለተበጠሰ ሽቦ ይበቃል፤ ለደበዘዘ መብራት ግን አይበቃም። ሦስተኛው ደኅንነት ነው፦ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መስመር ላይ ቢነካ ጉዳት ያመጣል ወይ? አራተኛው ለ12 እና ለ24 ቮልት መሆኑ ነው። የቤት መኪናና ባጃጅ 12 ቮልት ናቸው፤ ሲኖትራክና እዚህ ያሉት አብዛኞቹ አይሱዙ የጭነት መኪኖች በሁለት ባትሪ 24 ቮልት ይሠራሉ። ዋጋ አምስተኛ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ለመብራት ብልሽት ውዱ መሞከሪያ የተሻለው አይደለም።

ባለ አምፖል ቴስተር

ካቻቢቴ የሚመስል፣ እጀታው ውስጥ ትንሽ አምፖል ያለው፣ በሽቦ ጫፍ መንካሻ የተንጠለጠለበት ነው። አምፖሉ ከ3 እስከ 5 ዋት ይሆናል፤ ስለዚህ ሩብ አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። ጭነቱ ትንሽ ቢሆንም ከመልቲሜትር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ነው። ሊበጠስ በአንድ ቀጭን የመዳብ ክር የተንጠለጠለን ሽቦ ወይም 10 ኦም ያህል የዛገን መገናኛ ደብዝዞ ያሳያል። ግማሽ ኦሟን ግን እሱም አያሳይም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ትልቁ ጥቅሙ ፊውዝን ሳይነቅሉ መፈተሽ ነው። የቢላ ፊውዝ አናቱ ላይ ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች አሉት። መንካሻውን ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ ያስሩ፣ የመስመሩን ማብሪያ ያብሩ፣ ሁለቱንም ነጥቦች ይንኩ። ሁለቱም ላይ ከበራ ፊውዙ ደህና ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ ከበራ ተቃጥሏል፤ ሁለቱም ላይ ካልበራ ኤሌክትሪኩ ፊውዙ ዘንድ አልደረሰም። ሃያ ፊውዝ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ ቴስተሩን ራሱን ባትሪው ላይ አብርተው ያረጋግጡ፤ የራሱ አምፖል ተቃጥሎ መኪናው የሚወቀስበት ጊዜ ትንሽ አይደለም።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች የፊት መብራታቸው የሚበራው በኔጌቲቩ በኩል ነው፦ ፖዘቲቩ በፊውዙና በሪሌው አድርጎ በቀጥታ አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል፤ ማብሪያው ረጅሙን ወይም አጭሩን መብራት ከኔጌቲቭ ጋር ያገናኛል። እዚህ ላይ መንካሻውን ኔጌቲቭ ላይ አስረው ሶኬቱን ቢነኩ አንዱ እግር ብቻ ያበራል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ሽቦ ተበጥሷል ብለው ዳሽቦርድ አይፍቱ። መንካሻውን ወደ ባትሪ ፖዘቲቭ አዙረው ሁለቱን እግሮች እንደገና ይንኩ፤ ረጅምና አጭር ሲቀያይሩ ተራ በተራ ማብራት አለባቸው።

ይህ ቴስተር ክልክል የሆነባቸው ቦታዎች፦ የኤርባግ መስመር (ብዙ ጊዜ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ልባስ አለው፤ መሪው ሥር ይገኛል) እና ከኮምፒውተር የሚወጡ ቀጫጭን ሽቦዎች። የሽቦ ልባስን በሹል ጫፍ መብሳትም ልማድ መሆን የለበትም፤ በቀዳዳዋ ክረምት ላይ ውሃ ይገባና በሚቀጥለው ዓመት ሽቦው ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይበጠሳል። የግድ ከሆነ ቀዳዳውን ወዲያው በደንብ ይሸፍኑት።

ባለ ኤልኢዲ ቴስተር

ከላይኛው ጋር ቅርጹ አንድ ነው፤ አንዳንዱ ትንሽ የቮልት ማሳያ አለው። ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ስለሚስብ ኮምፒውተር ላለው መስመር ከባለ አምፖሉ ይሻላል፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭንም በቀለም ይለያል። ለመብራት ብልሽት ግን ያታልላል። በዛገ መገናኛ ውስጥ የምታልፍ ጭላንጭል ኤሌክትሪክ ሙሉ ያበራዋል። ሻጮች «አዲሱ ይሻላል» ብለው የሚያቀርቡት እሱን ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አሮጌው ይበልጣል።

በ21 ዋት አምፖል በእጅ የሚሠራ መሞከሪያ

ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ለዋጋውም ከሁሉም የበለጠ ሥራ ይሠራል። የሚያስፈልገው አንድ የፍሬቻ 21 ዋት አምፖል፣ የአምፖሉ መያዣ፣ ሁለት ሜትር ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና ሁለት መንካሻ ነው። ለ24 ቮልት መኪና አምፖሉን ባለ 24 ቮልት ያድርጉት። በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይስባል፤ 10 ኦም የዛገ መስመር ላይ ባለ አምፖሉ ቴስተር ደብዝዞ ሲበራ ይሄኛው ጨርሶ ይሞታል። ልዩነቱ ዓይን ላይ ይታያል።

ዋና ሥራው ግን ፊውዝ እየደጋገመ የሚቃጠልበትን መስመር መፈለግ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር አዲስ እየከተቱ መሞከር ፊውዝ ይጨርሳል፤ ትልቅ ፊውዝ መክተት ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት መጠቅለል ደግሞ ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ያደርገዋል፤ መኪና የሚቃጠለውም እንዲህ ነው። የቢላ ፊውዝ ቀለም የሚነግረውን ያክብሩ፦ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ ነቅለው በሁለቱ እግሮቹ ቦታ አምፖሉን ያገናኙ። ከዚያ መስመር ላይ ያሉትን አምፖሎች ሁሉ ይንቀሉ፤ ካልነቀሉ በእነሱ በኩል ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍ መሞከሪያው በከንቱ ይበራል። ማብሪያውን ያብሩ። የ21 ዋቱ አምፖል ጠፍቶ ከቀረ አሁን የሚነካካ ሽቦ የለም። ሙሉ ከበራ መስመሩ ከቆርቆሮ ጋር እየተነካካ ነው፤ አምፖሉ ግን ከ1.75 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦ አይቃጠልም፤ ረጋ ብለው መፈለግ ይችላሉ። ሶኬቶችን አንድ በአንድ ይንቀሉ፣ የሽቦ ጥቅሉን ከፊት ወደ ኋላ እያነቃነቁ ይሂዱ። መሞከሪያው ጥፍት ያለበት ወይም ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ። የኋላ በር ወይም የሻንጣ መክደኛ ማጠፊያ፣ የሰሌዳ መብራት፣ የኋላ መከላከያ ላይ በኋላ የተጨመረ ጌጥ መብራት፣ የተሳቢ ሶኬት መጀመሪያ የሚታዩ ቦታዎች ናቸው።

ዲጂታል መልቲሜትር

በትክክል ለሚጠቀምበት ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ያለ ጭነት ከተለካበት ግን ከላይ እንደታየው ያሳስታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጭነቱ የመኪናው አምፖል ራሱ ይሁን። አምፖሉን ሳይነቅሉ፣ አብርተው፣ ቮልቱ የት የት እንደሚጠፋ ይለኩ።

መኪናውን በእጅ ፍሬን ያስይዙ፣ ሞተሩን ያስነሱ፣ የፊት መብራቱን ያብሩ። መልቲሜትሩን ቀጥታ ቮልት 20 ላይ ያድርጉ (ለ24 ቮልት መኪና ቀጣዩ ደረጃ፣ 200)። መጀመሪያ ባትሪውን ይለኩ፤ ሞተር እየሠራ 13.8 እስከ 14.5 ቮልት፣ በ24 ቮልት መኪና 27.6 እስከ 29 መሆን አለበት። ከዚህ በታች ከሆነ ችግሩ ከዲናሞው ይጀምራል፤ መብራት መፈለግዎን ያቁሙ። ሞተር ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ያነባል።

ቀጥሎ ቀዩን ጫፍ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን በሶኬቱ ጀርባ ቀጭን መርፌ አስገብተው የአምፖሉ ፖዘቲቭ እግር ላይ ያሳርፉ። የሚነበበው ቁጥር በመንገድ የጠፋው ቮልት ነው። እስከ 0.5 ቮልት ይታለፋል፤ 1 ቮልት ካለፈ መገኘት ያለበት ነገር አለ። ከዚያ ጥቁሩን ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የአምፖሉ ኔጌቲቭ እግር ላይ ያድርጉ። 0.2 ቮልት ካለፈ የኔጌቲቩ ብሎን ተፈቶ፣ ቆርቆሮው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ እንደገና መጥበቅ አለበት። በኔጌቲቭ በሚበሩት ቶዮታዎች ግን ይህ መስመር በማብሪያው ውስጥ ስለሚዞር እዚያም 0.5 ድረስ ይፍቀዱለት።

ችግሩ በፖዘቲቩ በኩል ከሆነ ቀዩን ባትሪ ላይ እንደያዙ ጥቁሩን ወደ ኋላ ይመልሱ፦ ሪሌ መውጫ (87 ቁጥር እግር)፣ ሪሌ መግቢያ (30 ቁጥር እግር)፣ ፊውዝ መውጫ፣ ፊውዝ መግቢያ። ቁጥሩ ድንገት የሚወርድበት ቦታና ከፊቱ ያለው ቦታ መካከል ነው ብልሽቱ። ለምሳሌ 87 ላይ 1.4 አንብቦ 30 ላይ 0.2 ካነበበ የሪሌው ውስጥ ጥርስ ተቃጥሏል፤ ሽቦው ንጹሕ ነው። ሪሌውን ነቅለው 85 እና 86 ቁጥር እግሮች መካከል ኦም ቢለኩ ጥርሱን የሚስበው የውስጥ የሽቦ ጥቅል ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል (የ12 ቮልት ሪሌ ከ70 እስከ 100 ኦም አካባቢ)፤ «ጠቅ» ብሎም ይደመጣል። ጠቅ ማለቱ ግን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቆጥር ምክንያት አለ፦ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ብርሃን ሲያንስበት ባለ 100 ዋት አምፖል ይገዛል። ሁለት 100 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ከ16 አምፔር በላይ ይስባል፤ በመጀመሪያው ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይጨምራል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። የጠፋውን 2 ቮልት መመለስ ከአዲሱ አምፖል የተሻለ ብርሃን ይሰጣል።

ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛ፣ ቀዩን ጫፍ 10 አምፔር ቀዳዳ ውስጥ ትቶ ባትሪ መለካት፤ ይህ ባትሪውን በቀጥታ ማገናኘት ነው፣ ቢተርፍ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክ ባለበት መስመር ላይ ኦም መለካት። ሦስተኛ፣ ቀዝቃዛ አምፖል ላይ ኦም ለክቶ መደንገጥ፤ የ55 ዋት አምፖል ሲበራ 2.6 ኦም ገደማ ቢሆንም ሲቀዘቅዝ ከ1 ኦም በታች ያነባል፣ ጤነኛ ነው። ለኋላ መብራት የመልቲሜትሩ ገመድ አይደርስም፤ አምስት ሜትር ሽቦ በሁለት መንካሻ አዘጋጅቶ ከባትሪ ኔጌቲቭ መሳብ ያስፈልጋል።

የዲሲ ክላምፕ

ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚያነብ ነው፤ ምንም አይፈታም፣ አይበሳም። የግራና የቀኝ የፊት መብራት ሽቦን በየተራ አቅፎ ማወዳደር ድንቅ አቋራጭ ነው፦ አንዱ 4.5 ሌላው 3.2 አምፔር ካነበበ የትኛው ጎን እንደታመመ በግማሽ ደቂቃ ይታወቃል። ሁለቱንም ሽቦ (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ) አንድ ላይ ካቀፉ ግን ዜሮ ያነባል፤ አንዱን ብቻ ይቀፉ። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ርካሽ ክላምፖች የሚለኩት የቤት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን ብቻ ነው፤ ለመኪና ምንም አይጠቅሙም። በአምፔሩ ፊደል አጠገብ የሞገድ ምልክት ብቻ ካለ ይተዉት፤ ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ሊኖር ይገባል።

ኃይል ሰጪ መሞከሪያ

በራሱ ረጅም ገመድ ከባትሪ ጋር ታስሮ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ጫፉ ላይ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚያወጣ ነው። ለተሳቢ ባለቤትና ለጋራዥ ትልቅ ዕቃ ነው፤ ተሳቢው ከመኪናው ተፈትቶ ቆሞ ሳለ እያንዳንዱን መብራት ማብራት ይችላሉ። በ24 ቮልት ባለ ሰባት እግር የተሳቢ ሶኬት መደበኛ አሠራር ቁጥር 1 ኔጌቲቭ፣ 3 የግራ ፍሬቻ፣ 4 የፍሬን መብራት፣ 5 የቀኝ ፍሬቻ ነው፤ ቁጥሮቹ ሶኬቱ ላይ ተቀርጸዋል። ተሳቢዎች እየተጠገኑ ሲኖሩ ሽቦው ስለሚቀያየር ግን ከማመን በፊት ይሞክሩት። ለቤት መኪና ባለቤት አንመክረውም። ጣት ስቶ ቁልፉን በኮምፒውተር ሽቦ ላይ ከተጫነ የሚጠፋው ገንዘብ ከመሞከሪያዎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ስካነር

በስልክ የሚሠሩት ርካሽ የኦቢዲ ስካነሮች (የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነቡት) የሚያነቡት በአብዛኛው የሞተርን ኮድ ነው። የቆየ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የፊት መብራት በማብሪያ፣ በሪሌና በሽቦ ብቻ ስለሚሠራ ስካነሩ የሚያየው ነገር የለም። መብራታቸው በቦዲ ኮምፒውተር ለሚታዘዝ አዳዲስ መኪኖችና የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ጠቃሚ ነው፤ ሲገዙ የቦዲ ሞጁልን እንደሚያነብ ያረጋግጡ። እነዚህ መኪኖች አምፖሉን ኤሌክትሪክ እየቆራረጡ ስለሚመግቡት መልቲሜትር 6 ወይም 8 ቮልት ቢያነብ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና መብራትም በትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠራው፤ ብርቱካናማ ልባስ ያለውን ገመድ ግን በምንም መሞከሪያ አይንኩ።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መሞከሪያ | የሚያሳርፈው ጭነት | ቁጥር ይሰጣል? | የተሻለ የሚሠራው | ለኮምፒውተር መስመር | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለ 21 ዋት በእጅ የተሠራ | 1.75 አምፔር | አይሰጥም | የሚነካካ ሽቦ፣ ደካማ መስመር | ክልክል | በጣም ዝቅተኛ |
| ባለ አምፖል ቴስተር | ሩብ አምፔርና ከዚያ በላይ | አይሰጥም | ፊውዝ፣ የተበጠሰ ሽቦ | ክልክል | ዝቅተኛ |
| ባለ ኤልኢዲ ቴስተር | ከምንም የማይቆጠር | አንዳንዱ | ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መለየት | ይሻላል | ዝቅተኛ |
| መልቲሜትር | የለውም፤ የመኪናው አምፖል ይበራ | ይሰጣል | የደበዘዘ መብራት፣ ዲናሞ፣ ሪሌ | ይቻላል | መካከለኛ |
| የዲሲ ክላምፕ | የለውም፤ የመኪናው አምፖል ይበራ | ይሰጣል | ግራና ቀኝ ማወዳደር | ይቻላል | ከፍ ያለ |
| ኃይል ሰጪ | ራሱ ኃይል ይሰጣል | አብዛኛው | ተሳቢ፣ የተፈታ መብራት | አደገኛ | ከፍተኛ |
| ስካነር | የለውም | ኮድ | በኮምፒውተር የሚታዘዝ መብራት | ለእሱ የተሠራ | እንደ ዓይነቱ |

ብልሽቱ ራሱ መሞከሪያውን ይመርጣል

ፍሬን ሲረገጥ የዳሽቦርድ መብራት ጭላንጭል ካበራ፣ ወይም ፍሬቻ ሲበራ የኋላው መብራት አብሮ ከደነሰ የኋላው ኔጌቲቭ ተቋርጧል ማለት ነው። ባለ ሁለት ክር 21/5 ዋት አምፖል ኔጌቲቩን ሲያጣ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በሌላኛው ክር በኩል ተመልሶ መውጫ ይፈልጋል። መልቲሜትር በኔጌቲቩ በኩል አንድ ልኬት ብቻ ይበቃል። የዚህ አምፖል ሁለት ጉጦች ከፍታቸው የተለያየ ነው፤ ገልብጦ በጉልበት መክተት ፍሬኑን ደብዛዛ፣ የማታውን መብራት ደማቅ ያደርገዋል። ለዚህ ዓይን እንጂ መሞከሪያ አያስፈልግም።

ሁለቱም የፍሬን መብራት በአንድ ጊዜ ከጠፉ አምፖል አይግዙ፤ ባለ አምፖል ቴስተር ይዘው ፊውዙን፣ ከዚያ ከፔዳሉ በላይ ያለውን ማብሪያ ይፈትሹ። ፍሬቻ በአንድ ጎን ብቻ ከፈጠነ በዚያ ጎን የተቃጠለ ወይም በኤልኢዲ የተተካ አምፖል አለ።

ለማን የትኛው

የቪትዝ፣ የኮሮላ ወይም የባጃጅ ባለቤት ሆነው በጀትዎ ትንሽ ከሆነ ባለ አምፖል ቴስተርና በእጅ የተሠራው 21 ዋት ይበቁዎታል። የተቃጠለ ፊውዝ፣ የተበጠሰ ሽቦና የሚነካካ ሽቦ በእነሱ ይገኛል።

ጥቂት መጨመር ከቻሉ ቀጣዩ መልቲሜትር ነው፤ ስካነር አይደለም። ውድ መልቲሜትርም አያስፈልግም፤ ለመብራት አንድ አሥረኛ ቮልት ከለየ በቂ ነው።

የሚኒባስ ወይም የብዙ ባጃጅ ባለቤቶች መኪና በቆመ ቁጥር ገቢ ስለሚቆም ለእነሱ የዲሲ ክላምፕ ዋጋውን ይመልሳል። የ24 ቮልት መኪናና ተሳቢ ያላቸው ኃይል ሰጪውን ለ24 ቮልት የተሠራ መሆኑን አይተው ይግዙ፤ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ቀንሶ ቴፕ ወይም ጌጥ መብራት ማብራትንም ያስቁሙ፤ አንዱ ባትሪ ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ ተሞልቶ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ።

የፊውዝ ሣጥን ቀልጦ ከሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ መሪው ሥር መፈታት ካለበት፣ ወይም መኪናው የኤሌክትሪክ ከሆነ የመኪና ኤሌትሪሺያን ዘንድ ይሂዱ። ባለሙያውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ አምፖሉ በርቶ ሳለ ስንት ቮልት ደረሰው? ቁጥሩን ለክቶ የሚነግርዎት ሰው ዕቃ በከንቱ አያስገዛዎትም።

ከሱቁ ሳይወጡ

የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አነካክተው ድምፅ ማሰማቱንና ኦሙ ወደ ዜሮ መጠጋቱን ይዩ፤ ገመዶቹን እያጠፉ ቁጥሩ ከተወዛወዘ ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል። 10 አምፔር ቀዳዳው አጠገብ «ፊውዝ የለውም» የሚል ጽሑፍ ካለ ሌላ ይምረጡ። ክላምፑን የቆመ መኪና ላይ አንድ የፊት መብራት ሽቦ አሳቅፈው ይሞክሩ፤ መጀመሪያ የዜሮ ቁልፉን ይጫኑ፤ 4 እስከ 5 አምፔር ማንበብ አለበት። የቴስተሩን አምፖል ፈትተው 12 ወይም 24 መሆኑን ያንብቡ፤ የ12ቱ በ24 ቮልት መኪና ላይ ወዲያው ይቃጠላል፣ የ24ቱ በ12 ላይ ደብዝዞ ደህናውን መስመር የታመመ ያስመስላል። ተጨማሪ አምፖልም አብረው ይግዙ።